የሐርጌሳው የወንጀል ሕግ መምህር

በሶማሊላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ የወንጀል ሕግ ለማስተማር አንድ የሕግ መጽሐፍ ጠንቅቆ ማወቅ አይበቃም። የወንጀል ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የሶማሊያ ሪፐብሊክ ሕግ ሲሆን መሠረቱ ጣሊያናዊ ነው። ሥነ ሥርዓቱ ደግሞ እንግሊዞች በሕንድ ካቆሙት ሕግ የተቀዳ ነው። የብሪታንያ ግዛት የነበረው ሰሜንና የጣሊያን የነበረው ደቡብ በ1960 ሲዋሐዱ ሁለቱ ወጎች ተገናኙ። ሰሜኗ ሶማሊላንድ በ1991 ነፃነቷን ስታውጅም ሕጎቹን ይዛ ቀጠለች። ነገሩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም፦ በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የቀድሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው፤ የ1954ቱ ሥነ ሥርዓት ግን ከሕንድና ከማላያ ብዙ ወስዷል።

በዚህ ላይ ሸሪዓ አለ፤ ሕገ መንግሥቱ ሕጎች ከእርሱ ጋር እንዳይቃረኑ ይደነግጋል። ከሁሉም በላይ ሕዝቡ የሚኖርበት የጎሣ ሕግ፣ ሔር አለ።

ሰው ተገደለ እንበል። ፖሊስ ተጠርጣሪውን ይይዛል፣ ዓቃቤ ሕግ በአንቀጽ 434 ክስ ያዘጋጃል። በጎን የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ስለ ደም ካሳ ይነጋገራሉ። የአንድ ወንድ ነፍስ በልማድ 100 ግመል ነው፤ ዕዳው የገዳዩ ብቻ ሳይሆን አብረውት ካሳ የሚያዋጡ ዘመዶቹም ነው። ሲስማሙ ውሉን ይዘው ይመጣሉ። የሟች ቤተሰብ ይቅር ካለ ክሱ ይቁም? ለመንግሥትስ የሚቀር ድርሻ አለ? የተጻፈውን ሕግ ብቻ ያነበበ ተማሪ እዚህ ላይ መንገዱ ይጠፋበታል።

ሽማግሌዎቹን የሚንቅ ምሁር አገሩን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1993 ቦረማ ከተማ ላይ ለወራት ተቀምጠው ሰላም ያወረዱት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን የተበደለችው ሴት ስትሆን እርቁ በወንዶች መካከል ያልቃል፣ ካሳውም በዘመዶቿ እጅ ይገባል፤ እርሷ በሸንጎው ቦታ የላትም። ይህን መምህሩ በክፍል ውስጥ አለዝቦ ማለፍ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአስገድዶ መድፈር ሕግ ከሃይማኖት መሪዎች የገጠመው ተቃውሞ ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ክሊኒክ አለው። ተማሪው ጠበቃ መቅጠር ከማይችል እስረኛ ፊት ተቀምጦ መቼ እንደተያዘ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ እንደሆነ ይጠይቃል። በእኔ እምነት መምህሩን መምህር የሚያደርገው ተማሪውን እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ማሰማራት ነው። ቀጥሎ የሚጠብቀው ደግሞ የሽማግሌዎቹን ፍርድ እየሰበሰበ በጽሑፍ ማኖር ነው፤ አብዛኛው እስካሁን ያለው በቃል ብቻ ነውና።