አልጋ ከመያዝዎ በፊት ቁመቱን ይጠይቁ

«እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» ይላል የአገራችን ሰው። ምክሩ ለኪስና ለኑሮ መልካም ነው። ነገር ግን ፍራሹ ከሰውየው ያጠረ እንደሆነ እግር ወዴት ይዘረጋል? ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ ረጅም ልጅ ካለዎት ወይም ባለቤትዎ በየበሩ ጎንበስ ብለው የሚያልፉ ከሆነ፣ ጥያቄው ለቀልድ የቀረበ እንዳልሆነ ይረዱታል።

እኔ ነገሩን የተረዳሁት ጥሊሊ ላይ ነው። ጥሊሊ በአዊ ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በቡሬና በእንጅባራ መካከል ትገኛለች። አገሩ ደጋ ነውና ሌሊቱ ይበርዳል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ከልጄ ጋር ከባሕር ዳር ስንመለስ የተሳፈርንበት መኪና ተበላሽቶ እዚያው ለማደር ተገደድን። ልጄ ያን ጊዜ ዕድሜው 19 ዓመት፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ97 ሴንቲ ሜትር ነበር። ለትምህርት ወደ ጀርመን አገር ሊሄድ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበሩ።

ያረፍንበት አልጋ ቤት ንጹሕ ነበር፤ አልጋው ግን ራስጌውም ግርጌውም በጣውላ የተዘጋ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት፣ ልጄ ጉልበቱን አጥፎ ሲጋደም አዩት። «ውይ የኔ ልጅ! እንዲህ ተጣጥፈህማ አታድርም» አሉና ፍራሹን አስወርደው መሬት ላይ ሰሌን አነጠፉለት። በፍራሹ ግርጌ በኩል ብርድ ልብስ አጥፈው ቀጠሉበት፤ ከላይም ጋቢ ደረቡለት።

ሲነጋ «እንዴት አደርክ?» አሉት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እማማ፣ እንደዚህ ተዘርግቼ ተኝቼ አላውቅም» ብሎ መለሰላቸው።

እሳቸው ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ቤት ውስጥ የሚተኛበትን አልጋ የገዛሁለት የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ነበር። ሱሪውንና ጫማውን በየዓመቱ እየለካሁ ስቀይርለት፣ አልጋውን አንድ ቀን እንኳ ለክቼው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ወገቤን አመመኝ ሲለኝም «ኳስ ስታበዛ ነው» እለው ነበር። ለካስ እንግዳ ቤት ያዘንኩለትን ልጅ በገዛ ቤቴም ተጣጥፎ ያድር ኖሯል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የእኔ ስሕተት ብቻ አይመስለኝም። ፍራሽ ስንገዛ «ባለ 90»፣ «ሜትር ከ20»፣ «ሜትር ከ50» እያልን የምንጠራው ወርዱን ነው። ቁመቱ በአብዛኛው 1 ሜትር ከ90 ገደማ ስለሆነ የሚጠይቀው የለም። አንድ ሰው ተመችቶት እንዲተኛ ግን የአልጋው ቁመት ከራሱ ቁመት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ ይገባል። በጀርባ ሲተኙ የእግር ጣቶች ወደ ፊት ይዘረጋሉ፤ ትራስም የራሱን ቦታ ይወስዳል። እንግዲህ 1 ሜትር ከ90 የሆነ አልጋ በምቾት የሚበቃው ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ75 ለማይበልጥ ሰው ነው ማለት ነው። የአያቶቻችን መደብ በዚህ በኩል ይሻል ነበር። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ስለሚሠራ እግርን የሚገታ የግርጌ ጣውላ የለውም።

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ደግሞ «እዚያ ሁሉም ነገር ሰፊ ነው» ብሎ እንዳይዘናጋ። በእንግሊዝ አገር የተለመደው የአንድ ሰው አልጋ 90 በ190 ሴንቲ ሜትር ነው። በአሜሪካ ትናንሾቹ አልጋዎች ከ190 ብዙ አያልፉም፤ «ኩዊን» እና «ኪንግ» የሚባሉት ግን 203 ይደርሳሉ። በጀርመን 2 ሜትር የተለመደ ነው። ሕዝባቸው በቁመት ከዓለም ቀዳሚ በሆነው በኔዘርላንድስ 2 ሜትር ከ10 እና 2 ሜትር ከ20 የሆኑ አልጋዎችም ይሸጣሉ።

ለታላላቅ ሰዎች አሳቢ አይጠፋም። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ93 ለነበረው ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ለአብርሃም ሊንከን መኖሪያ፣ ባለቤታቸው ሜሪ በ1861 እ.ኤ.አ. የገዙት አልጋ ወደ 2 ሜትር ከ40 ይጠጋል። የሚገርመው፣ ሊንከን ራሳቸው ተኝተውበት እንደማያውቁ ይነገራል፤ አልጋው የተቀመጠው በእንግዳ ክፍል ነበር። ተራው መንገደኛ ግን ስለ ራሱ መጠየቅ ያለበት ራሱ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

አንደኛ፣ ክፍል ሲይዙ «አልጋው ትልቅ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ «አዎን» ይባላሉ። ይልቁንም «ቁመቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ግርጌውስ ክፍት ነው ወይስ በጣውላ የተዘጋ?» ይበሉ። ግርጌው ክፍት ከሆነ ጥቂት ማጠሩ ያን ያህል አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ ብቻዎን ከሆኑ ሜትር ከ50 ወርድ ያለውን አልጋ ይምረጡና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አግድም ይተኙ። የ1 ሜትር ከ90 አልጋ በዚህ አኳኋን ሲለካ ወደ 2 ሜትር ከ40 ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሌላ መላ ከጠፋ የጥሊሊዋን እናት ዘዴ ይከተሉ፤ ፍራሹን መሬት ላይ አውርደው ግርጌውን በታጠፈ ብርድ ልብስ ይቀጥሉ።

አራተኛ፣ የልጅዎን አልጋ በዓመት አንድ ጊዜ ይለኩ። በተለይ ሴት ልጅ ከ10፣ ወንድ ልጅ ከ12 ዓመት ወዲያ ባሉት ጥቂት ዓመታት በፍጥነት ይመዘዛሉ። ረጅም ልጃገረድ ደግሞ በቁመቷ አፍራ መጉበጥን ትለምዳለች። ቀን አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ ሌሊትም ተኮራምታ እንድታድር አይፍቀዱ።

አልጋ ቤት ለሚያስተዳድሩ እኅቶችም አንድ ቃል አለን። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ካስከፈቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ እንግዳ መቀበል ለሴቶቻችን አዲስ ሙያ አይደለም። ከክፍሎቻችሁ መካከል አንዷን እንኳ ግርጌው ክፍት በሆነ፣ 2 ሜትር ከ10 በሆነ አልጋ ብታዘጋጁ ወጪው ቀላል ነው። በአዊ ደጋማ ወረዳዎች ቀርከሃ ይበቅላል፤ ከቀርከሃ አልጋና ወንበር የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ። በልክ የሚታዘዝ አልጋ እዚያው ደጃፍ ላይ ይሠራል ማለት ነው። በፈረሱ የታወቀው የአዊ ሰው ኮርቻ የፈረሱን ጀርባ ካልገጠመ እንደሚያቆስል አሳምሮ ያውቃል። የአልጋም ነገር ከዚህ አይለይም።

ከጥሊሊ እንደተመለስኩ አናጺ ጠርቼ የልጄን አልጋ ግርጌ አስቆረጥሁ፤ 25 ሴንቲ ሜትርም አስቀጠልሁበት። ለጎደለው ስፖንጅ አስቆርጬ ሞላሁት። ልጄ የተኛበት ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ወደ ጀርመን ከመሄዱ በፊት ለተማሪዎች ማደሪያው ጽፎ ስለ አልጋው እንዲጠይቅም አደረግሁ። 2 ሜትር የሆነ፣ ግርጌው ክፍት የሆነ አልጋ ያለበት ክፍል ሰጡት። ደርሶ ሲደውልልኝ በመጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ምግቡ አልነበረም። «እግርህ ይዘረጋል?» አልሁት።

«ይዘረጋል እማዬ» አለኝ።

እርስዎስ ዛሬ ማታ ልጆችዎ ሲተኙ እግራቸውን አይተው ያውቃሉ? ሜትር ይዘው ጠጋ ይበሉ።