ያውቁ ኖሯል? የጎጃም ሙግት ከዋርካ ጥላ እስከ ሄግ

በቡሬ ወረዳ ፍርድ ቤት በወንጀል የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ሲል የሚሄደው ፍኖተ ሰላም፣ ከዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከባድ የሰው ግድያ ከሆነ ግን ክሱ ወረዳውን ሳይነካ እዚያው ከዞኑ ይጀምራል። ቀጥሎ ባሕር ዳር አለ፤ የሕግ ስህተት ተፈጽሞብኛል የሚል ደግሞ አዲስ አበባ ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ይዘልቃል።

በድሮው የዋርካ ሥር ችሎት ተሟጋቾች ይወራረዱ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ባለጉዳዩ ዘንጉን ይዞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ይቆምና አንዲት ነጥብ ላይ ማር ያስይዛል። ባላጋራው በበቅሎ ያልፈዋል። የተረታው ውርርዱን የሚከፍለው ለረታው ሳይሆን ለዳኛው ነበር። ድኻ ምን ያህል ይከብደው እንደነበር ማሰብ አያቅትም።

ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ቁራኛ ይሆኑ ነበር፤ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፣ ጉዳዩ ከከበደም በሰንሰለት ይታሰራሉ። መንገዱ ቀናት ከፈጀ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ።

ወንጀለኛው ካልታወቀ አፈርሳታ ይጠራ ነበር። የአገሩ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል፤ አውጫጭኙ ሳያልቅ መበተን የለም፣ አዝመራ ቢደርስም።

ዘመናዊው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወጣው በ1923 ዓ.ም. ነው። እሱን የተካውን የ1949ኙን ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው።

የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከፍቼ እስር ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው አዲስ አበባ ላይ ተከሰሱ። ሞት ተፈረደባቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡላቸው። ጎጃም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ጣሊያን ሲመጣ ራስ ኃይሉ ለወራሪው አደሩ፤ ከድል በኋላም በቁም እስር ቆይተው በሕመም ሞቱ።

አምስት ዓመት ጣሊያንን የተዋጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀስ? ከነጻነት በኋላ በመንግሥት ላይ አምፀዋል ተብለው ተያዙ። የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦላቸው ሳለ ከእስር ለማምለጥ ሞክረው ተያዙ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ጎጃሜ እስከ ዛሬ ቢቆጨው አይፈረድበትም።

ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎችን ሲገድል ጉዳያቸውን ያየ ፍርድ ቤት አልነበረም። የደርግ ባለሥልጣናት ራሳቸው ግን በፍርድ ቤት ተዳኙ፤ በታኅሣሥ 1987 የተጀመረው የኮሎኔል መንግሥቱና የሌሎቹ ክስ ጥፋተኛ ናችሁ ለመባል እስከ ታኅሣሥ 1999 ፈጀ። ኮሎኔሉ ዚምባብዌ ስለነበሩ የተፈረደባቸው በሌሉበት ነው።

ከጎጃም የቀይ ሽብር መዝገቦች አንዱ ደግሞ የታየው ኔዘርላንድስ ነው! የደርግ የጎጃም ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙ የኔዘርላንድስ ዜግነት አግኝቶ ይኖር ነበር። ሀገር ቤት በሌለበት ሞት ተፈርዶበት ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት በ1970 ዓ.ም. በጎጃም ለተፈጸመው የ75 እስረኞች ግድያ፣ ለማሰቃየትና በግፍ ለማሰር ተጠያቂ አድርጎ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በጦር ወንጀል ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ያኔ በኢትዮጵያ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር የሚለው የፍርድ ቤቱ መደምደሚያ ነው ክሱን የጦር ወንጀል ያደረገው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ሰኔ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ዕድሜ ልኩን አጸናው፤ ከግድያው አርባ አራት ዓመት ገደማ በኋላ።