«ምርጡ ስኪ የትኛው ነው?» — የፒስት ዝንባሌ ያላቸውን የኦል ማውንቴን ስኪዎች ስለመፈተሽና ስለመምረጥ



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። ሀገራችን የስኪ ሀገር አይደለችም፤ በራስ ዳሽን አናት ላይ አልፎ አልፎ በረዶ ቢታይም፣ በሊፍት ወጥቶ በስኪ የሚወረድበት ቁልቁለት የለንም። ይሁንና ጉዳዩ በሁለት ምክንያቶች ይመለከተናል። አንደኛው፣ በኦስትሪያ፣ በስዊዘርላንድ፣ በደቡብ ጀርመንና በአሜሪካዋ ኮሎራዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጉዳይ ነው። በአልፕስ ሀገሮች ብዙ ልጆች ከትምህርት ቤታቸው ጋር ለስኪ ሳምንት ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ወላጆችም ልጆቻቸውን ተከትለው በጎልማሳነት ዘመን ይጀምሩታል። በልጅነቱ ያልተማረ ሰው መሣሪያውን የሚመርጠው በሻጩ ቃል ነው፤ የተሳሳተ ምርጫ ደግሞ ኪሱን ብቻ ሳይሆን ጉልበቱንም ይነካል። ሁለተኛው ምክንያት በዚህ አዳራሽ ላሉት የሳይንስ ተማሪዎች ይበልጥ ይቀርባል፦ መሣሪያው፣ ተጠቃሚውና አካባቢው ሦስቱም በአንድነት በሚለዋወጡበት ጊዜ ትክክለኛ ፍተሻ እንዴት ይካሄዳል?

የንግግሬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልግለጽ። «ምርጡ ስኪ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። «ለማን፣ በምን ዓይነት በረዶ ላይ፣ በምን ፍጥነት?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ተፈትሾ ሊረጋገጥ የሚችል መልስ ያገኛል።

ስለየትኛው ስኪ እንነጋገራለን?

በአማርኛ «የበረዶ ሸርተቴ» ብለን በአንድ ስም ብንጠቅልለውም፣ ስኪ ብዙ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ፣ ቀጥሎም በ2010 በቫንኩቨር ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተሰለፈው ሮቤል ተክለማሪያም የተወዳደረው በሀገር አቋራጭ ስኪ ነው። ያ ስኪ ቀጭንና ቀላል ሲሆን የተጫዋቹ ተረከዝ ከስኪው ይላቀቃል። የዛሬው ርእሳችን ግን አልፓይን የሚባለው፣ ተረከዙ ተቆልፎ ቁልቁል የሚወረድበት ስኪ ነው።

በአልፓይን ስኪዎች መካከልም አንዱ ጫፍ ላይ ለውድድር የተሠሩ ጠባቦች፣ በሌላው ጫፍ ላይ በጥልቅ በረዶ ላይ ለመንሳፈፍ የተሠሩ ሰፋፊዎች ይገኛሉ። በመካከላቸው «ኦል ማውንቴን»፣ ማለትም ለተራራው ሁሉ የሚሆኑ ተብለው የሚሸጡ አሉ። ከእነዚህም ወገባቸው ከ75 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑት ወደ ፒስት ያዘነብላሉ። ፒስት የምንለው ሌሊት በማሽን ተደልድሎ ለጠዋት የሚዘጋጀውን የቁልቁለት መስመር ነው። እነዚህ ስኪዎች ጠዋት ጠንካራውን ፒስት በጠርዛቸው እንዲይዙ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በብዙ እግር የተፈረካከሰውንና የተከመረውን በረዶ ሳይደናበሩ እንዲያልፉ ይፈለጋል። ስለዚህ ከመነሻቸው የስምምነት ውጤቶች ናቸው፤ አንዱን ጠባይ የሚያጎላ ሌላውን መቀነሱ አይቀርም።

ወደዚህ የተደረሰው በረጅም ጉዞ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖርዌዩ የቴሌማርክ ሰው ሶንድሬ ኑርሃይም ወገቡ የጠበበ ስኪ ይጠቀም ነበር። በ1950 አሜሪካዊው ሃዋርድ ሄድ በአሉሚኒየም የተለበጠ የእንጨት ስኪ ለገበያ አቀረበ። በ1993 የስሎቬኒያው ኤላን ኩባንያ መሐንዲሶች ዩሪ ፍራንኮና ፓቬል ሽኮፊች ወገቡን በእጅጉ ያጠበቡት ስኪ ይፋ ሆነ፤ ተራው ሰው ስኪውን በጠርዙ አቁሞ፣ ሳይንሸራተት ክብ እየቀረጸ መታጠፍ የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሼን ማኮንኪ ያነሣሣው፣ ጫፍና ጅራቱ ወደ ላይ የቀና ቅርጽ ከጥልቅ በረዶ ስኪዎች ተነሥቶ በለዘበ መልኩ ወደ ፒስት ስኪዎችም ገባ። ይህ ቅርጽ ሮከር ይባላል።

በስኪው ላይ የተጻፉት ቁጥሮች

በአብዛኞቹ ስኪዎች ላይ ሦስት ስፋቶች ይጻፋሉ፦ የጫፍ፣ የወገብና የጅራት። ለምሳሌ 128፣ 82 እና 112 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኪ እንውሰድ። የጫፉንና የጅራቱን ድምር ወስደን የወገቡን እጥፍ ብንቀንስ 76 ይቀራል፤ ይህ ለ4 ሲካፈል 19 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህም የጎኑ ቅስት ጥልቀት ነው። በረዶውን የሚነካው የስኪው ርዝመት 1.5 ሜትር ከሆነ፣ የርዝመቱን ካሬ ለጥልቀቱ ስምንት እጥፍ እናካፍላለን፤ 2.25 ለ0.152 ሲካፈል 14.8 ሜትር ይሰጠናል። በስኪው ላይ «ሬዲየስ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በግምት ይኸው ነው።

ይህ ቁጥር ግን የስኪው እጣ ፈንታ አይደለም። ስኪው በጠርዙ ላይ ባዘነበለ መጠን ይለመጣል፤ የሚቀርጸውም ክብ በዘንበሉ ኮሳይን መጠን ይጠብባል። በ45 ዲግሪ ዘንበል 14.8 ሜትር የነበረው ወደ 10.5፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ወደ 7.4 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ትልቅ ዘንበል የሚችል ሰውና የማይችል ሰው አንዱን ስኪ ይዘው ሁለት የተለያዩ ስኪዎች የያዙ ያህል ይለያያሉ። በተቃራኒው፣ በውድድር ደንብ የጃይንት ስላሎም ስኪ ሬዲየስ 30 ሜትር ነው። ይህ ስኪ ፍጥነትና ሰፊ ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ በእሑድ ቀን ሰው በሞላበት ፒስት ላይ ለተራ ሰው ሸክም እንጂ ክብር አይሆንም።

ርዝመቱንም በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ሮከር ያለው ስኪ ጫፉ ከበረዶው ስለሚነሣ መታጠፍ ለመጀመር ይቀልላል፤ ነገር ግን በረዶውን የሚይዘው የጠርዝ ርዝመት ያጥራል። 178 ሴንቲ ሜትር ተብሎ የተጻፈ ስኪ በጠንካራ ፒስት ላይ ከእርሱ እንዳጠረ ሊያዝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወገብና ጉልበት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ስኪውን ጨምሮ 85 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 15 ሜትር እየሄደ 15 ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ ይቀርጻል እንበል። የፍጥነቱ ካሬ ለሬዲየሱ ሲካፈል 15 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሆናል፤ ይህም ከመሬት ስበት አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ከክብደቱ ጋር ሲደመር፣ የሁለቱ አቅጣጫ የተለያየ በመሆኑ፣ በእግሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ 1.8 እጥፍ፣ ማለትም 1,500 ኒውተን ገደማ ነው።

በጠንካራ በረዶ ላይ ይህ ኃይል የሚያልፈው በአንድ ቀጭን የብረት ጠርዝ ነው። ጠርዙ ከእግር መካከል የሚርቀው የወገቡን ግማሽ ያህል ነው። ወገቡ 74 ሚሊ ሜትር ከሆነ ርቀቱ 37፣ 90 ከሆነ 45 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኃይሉ ሙሉ በሙሉ በአንድ ጠርዝ ላይ ቢያርፍ፣ ስኪውን ወደ ጠፍጣፋነት የሚመልሰው ቶርክ በመጀመሪያው 55፣ በሁለተኛው 67 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ይህን የሚቋቋሙት ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ናቸው። ስሌቱ የተቃለለ ቢሆንም አቅጣጫው ግልጽ ነው፦ በጠንካራ ፒስት ላይ ሰፊ ወገብ በእያንዳንዱ ኩርባ የሚከፈል ዕዳ አለው። በለስላሳ በረዶ ላይ ግን ስኪው ስለሚሰምጥ ኃይሉ በሰፊው ይከፋፈላል፤ ያን ጊዜ ስፋቱ ይጠቅማል። ስለዚህ ከቀኑ ዘጠኝ አሥረኛውን በፒስት የሚያሳልፍ ሰው፣ ለቀረው አንድ አሥረኛ ሲል ሰፊ ስኪ መግዛቱ አስተዋይነት አይደለም።

ከቅርጹ በታች ያለው

ሁለት ስኪዎች በቅርጽ አንድ ሆነው በጠባይ ፈጽሞ ሊለያዩ ይችላሉ። የአብዛኞቹ እምብርት እንጨት ነው። በላዩና በታቹ የመስታወት ጭረት ይለበጣል፤ በጠንካሮቹ ውስጥ ቲታናል የሚባል ስስ የብረት ንጣፍ ይጨመራል። ስሙ ቲታኒየም ቢያስመስለውም ቲታናል የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። በግትርነቱና በክብደቱ ስኪውን ያረጋጋል፤ አብሮት የሚለጠፈው ስስ ጎማም ንዝረትን ይውጣል። ይሁንና ያው ግትርነት ቀላል ክብደት ያለውን ወይም ዝግ ብሎ የሚሄደውን ሰው ይጎዳል፤ ስኪው ስለማይለመጥለት አይታጠፍለትም።

በሱቅ ውስጥ ሰዎች ስኪውን አቁመው መካከሉን በእጅ ሲገፉ ታያላችሁ። ይህ የሚነግራችሁ የርዝመቱን ግትርነት ብቻ ነው። በፒስት ላይ የጠርዝን አያያዝ በእጅጉ የሚወስነው ግን ስኪው መጠምዘዝን የሚቋቋምበት ግትርነት ነው፤ እርሱ በእጅ አይገኝም። ስለዚህ መፈተሽ ያለበት በበረዶ ላይ ነው።

ፍተሻው እንዴት ይካሄድ?

አስቀድሞ የራስ ቡት ያስፈልጋል። ከስኪው ጋር የሚነጋገረው ቡቱ ስለሆነ፣ እግር የሚላወስበት ቡት ያደረገ ሰው የሚፈትሸው ስኪውን ሳይሆን የቡቱን ክፍተት ነው።

ሁለተኛው የጠርዙ ስለት ነው። የፒስት ስኪ የጎን ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ 87 ወይም 88 ዲግሪ ሆኖ ይሳላል፤ በመሠረቱ በኩልም ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ዘንበል ይደረግለታል። የደነዘ ጠርዝ ያለው ጥሩ ስኪ፣ የተሳለ ጠርዝ ካለው መካከለኛ ስኪ ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ የሚወዳደሩት ስኪዎች ስለታቸውና ሰማቸው አንድ ዓይነት መሆኑን በጣት ነክቶ፣ አከራዩንም ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል።

ሦስተኛው የበረዶው መለዋወጥ ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ድንጋይ የነበረው ፒስት፣ እኩለ ቀን ላይ ሌላ ነው። ጠዋት «ሀ»ን፣ ከሰዓት በኋላ «ለ»ን የሞከረ ሰው ያወዳደረው ሁለት ስኪዎችን ሳይሆን ሁለት ሰዓቶችን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በአንድ መስመር ላይ «ሀ፣ ለ፣ ለ፣ ሀ» በሚል ቅደም ተከተል መውረድ። «ሀ» አንደኛና አራተኛ፣ «ለ» ሁለተኛና ሦስተኛ ስለሚሆኑ፣ በረዶው በእኩል ፍጥነት የሚለወጥ ከሆነ ለውጡ በሁለቱም ላይ እኩል ይደርሳል። በተጨማሪም «ሀ» ከመጀመሪያው ጋር የማይመሳሰል ስሜት በአራተኛው ከሰጠ፣ ፍርዳችን ምን ያህል እንደሚዋልል እናውቃለን።

አራተኛው የራሳችን አድልዎ ነው። ውድ ዋጋና ዝነኛ ስም ስሜትን ይገዛሉ። በጓደኛ እጅ የስኪውን ገጽ በወረቀት አሸፍኖ መውረድ፣ ማስታወሻንም ከሌሎች ጋር ከመነጋገር በፊት መጻፍ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል።

በእያንዳንዱ መውረድ የሚመለሱት ጥያቄዎችም አስቀድመው ይጻፉ። በዝግታ መታጠፍ ይጀምራልን? በአጭርና በረጅም ኩርባ ይታዘዛልን? የተጋገረ በረዶ ሲያጋጥመው ይይዛል ወይስ ይንሸራተታል? በተከመረ በረዶ ጫፉ ይንቀጠቀጣልን? በመጨረሻም እጅግ የሚዘነጋው ጥያቄ፦ ደክሞኝ በስንፍና ስቆምበት ይታገሠኛልን? ብዙ ሰው ስኪውን የሚፈትነው ባረፈ እግሩ ነው፤ የሚጠቀምበት ግን በደከመ እግሩም ጭምር ነው።

የሌሎችን ምስክርነት ስለማንበብ

ሁሉም ሰው አምስት ስኪ ተከራይቶ መፈተሽ አይችልም፤ በሌሎች ቃል መጠቀሙ ግድ ነው። ምስክርነት ግን የምስክሩን ማንነት ይጠይቃል። 95 ኪሎ የሚመዝን የቀድሞ ተወዳዳሪ «ለስላሳ ነው» ያለው ስኪ፣ 60 ኪሎ ለምትመዝን ጀማሪ እንጨት ሊሆንባት ይችላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የፈታሹ ክብደት፣ ችሎታ፣ የፈተሸው ርዝመትና የበረዶው ሁኔታ ያልተገለጸበት ምስጋናም ሆነ ነቀፌታ መረጃ አይባልም። ሦስት ሺህ ሜትር ላይ፣ እንደ ኦስትሪያው ሂንተርቱክስ ባለ የበረዶ ግግር ላይ በቀዝቃዛና ደረቅ በረዶ የተመሰገነ ስኪ፣ ዝቅ ባለ ቦታ በሰው ሠራሽ ጠንካራ በረዶ ላይ ሌላ ጠባይ ሊያሳይ ይችላል።

ከፍተሻ ወደ ምርጫ

የተማርነውን ወደ ተግባር ስናወርደው፣ በሳምንት እረፍቱ በፒስት ላይ ብቻ የሚውልና በጠርዝ መታጠፍን ገና የሚማር ሰው ወገቡ ወደ 75፣ ሬዲየሱ ወደ 14 ሜትር የቀረበ፣ ለመለመጥ የማያስቸግር ስኪ ይስማማዋል። ክብደት ያለውና ፍጥነት የሚወድ ሰው ከ80 ሚሊ ሜትር ትንሽ ከፍ ያለ፣ ቲታናል ያለበት ስኪ ያረጋጋዋል። ከፒስቱ ዳር ወጣ ማለት የሚወድ ወደ 88 ቢጠጋ፣ ዋጋውን ግን በጠንካራው ጠዋት እንደሚከፍል ይወቅ። በሁለት እኩል በሚመስሉ ስኪዎች መካከል የሚያመነታ ሰው፣ የሚታገሠውን ይምረጥ።

ከስኪው በላይ የሚያሳስበው ግን ማያያዣው ነው። በውድቀት ጊዜ ቡቱን በወቅቱ መልቀቅ ያለበት፣ ያለ ጊዜውም መልቀቅ የማይገባው እርሱ ነው። ልኩ በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በቡቱ ሶል ርዝመትና በአነዳድ ዓይነት ይወሰናል፤ እንደ እኔ ሃምሳን ለተሻገረ ሰው ሠንጠረዡ ቀለል ያለ ልክ ያዝዛል። አሠራሩን አይ.ኤስ.ኦ. 11088 የተባለው ደረጃ ይደነግጋል። የቡቱ ሶልና ማያያዣው መስማማታቸውም መረጋገጥ አለበት፤ የተለመደው አልፓይን ሶልና ግሪፕዎክ የተባለው አንድ አይደሉም። ልኩን ከፍ ማድረግ የጉብዝና ምልክት መስሎ የሚታየው ሰው፣ ሊያድነው የተሠራውን መሣሪያ ራሱ ይቆልፈዋል። ይህን ሥራ ለሠለጠነ ቴክኒሺያን መስጠት፣ ክብደትንና ችሎታንም ሳይዋሹ መናገር ይገባል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው አባባላችን ለዚህ የተነገረ ያህል ነው።

ታዳሚዎቼ፤ ስኪን የመረጥሁት ቁጥሮቹ በአንድ ሰው እግር ላይ በግልጽ ስለሚታዩ ነው። ነገር ግን መድኃኒት፣ ምርጥ ዘር ወይም የማስተማሪያ ዘዴ ስንመርጥም የሚያስፈልገን ሥርዓት ይኸው ነው፦ የሚለዋወጠውን አስሮ አንዱን ብቻ መለወጥ፣ ፍርድን ከዝና መጠበቅ፣ ውጤቱንም «ለማን?» ብሎ መጠየቅ። በተራራው ላይ ይህን የማያደርግ ሰው ስሕተቱን የሚያውቀው ከመጀመሪያው ውድቀት በኋላ ነው።