መምህሩን ማን አሠለጠነው? ተረትና እውነታ

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፤ ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። ያን ሰሞን ታክሲ ውስጥም ቡና ቤትም ጣት የተቀሰረው በመምህሩ ላይ ነበር። ነገሩን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የወሰዱት ደግሞ «እሱንስ ያስመረቀው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመልስነት የሚወረወሩት አባባሎች ግን አብዛኞቹ ሲመረመሩ አይጸኑም።

ተረት 1፦ «ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው ማስተማር አያቅተውም»

እውነታው፦ አንድ የ5ኛ ክፍል ተማሪ 1/2 ሲደመር 1/3 ይሆናል 2/5 ብሎ ጻፈ እንበል። ሒሳብ ብቻ የሚያውቅ መምህር ኤክስ ያደርግበትና «የጋራ ታህቱ 6 ነው፣ መልሱ 5/6 ነው» ብሎ ያልፋል። ማስተማርን የሠለጠነ መምህር ግን ልጁ ላዕዩን ከላዕይ፣ ታህቱን ከታህት ጋር እንደደመረ ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ «ያንሳል» ሲል ችግሩ ራሱ ይታየዋል፤ ግማሽ ላይ ተጨምሮ ከግማሽ ያነሰ ነገር ሊገኝ አይችልማ!

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ሊ ሹልማን በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ትኩረት የሰጡት ለዚህ ዓይነቱ እውቀት ነው። ትምህርቱን ከማወቅም፣ የማስተማር ዘዴን በደፈናው ከማወቅም የተለየ ነው፤ ተማሪው የት ላይ እንደሚሳሳት፣ ለምን እንደሚሳሳትና በምን እንደሚቃና ማወቅ ነው።

የእኛ አገር ሥልጠና ግን በሁለቱ ጫፎች መካከል ሲመላለስ ኖሯል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ቴሶ የተባለው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ፕሮግራም የማስተማር ዘዴንና የትምህርት ቤት ልምምድን አጠናከረ፤ የትምህርቱን ይዘት አሳሳ ተብሎ ተተቸ። ከዚያ የመጣው ፒጂዲቲ የተባለው የድኅረ ምረቃ ሥልጠና ደግሞ መጀመሪያ በትምህርቱ ዲግሪ፣ ቀጥሎ የማስተማር ዲፕሎማ የሚል ሆነ። ክርክሩ «የቱ ይቅደም? ስንት ክሬዲት ይሰጠው?» በሚለው ላይ ሲያተኩር፣ ሁለቱን አገናኝቶ የሚያስተምረው ማነው የሚለው ተድበስብሶ ቀረ። የፊዚክስ ክፍሉ ፊዚክሱን፣ የፔዳጎጂ ክፍሉ ዘዴውን ይሰጣል፤ ፊዚክስን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ማሳየቱ ግን ብዙ ጊዜ ባለቤት አያገኝም።

ተረት 2፦ «መግቢያ ነጥቡ ከፍ ቢል ችግሩ በራሱ ይፈታል»

እውነታው፦ ግማሹ ልክ ነው። ሌላ የሚያስገባ ውጤት ያጣ ወጣት መምህርነት ሲደርሰው ሙያው ይጎዳል፤ ሳይመርጠው የተመደበ ሰው ሌላ ሥራ እስኪያገኝ ብቻ ሊያስተምር ይችላል። ሁልጊዜ በምሳሌነት የምትጠቀሰው ፊንላንድ ግን በነጥብ ብቻ አትመርጥም። ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት የሚያመለክቱት መጀመሪያ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ውጤታቸው ወይም በጽሑፍ የመግቢያ ፈተና ይለያሉ፤ ያንን ካለፉ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ለሙያው ያላቸውን ዝንባሌና ብቃት በቃለ መጠይቅና መሰል ምዘና ያያል። የገባውም በማስተርስ ደረጃ፣ ከዩኒቨርሲቲው ጋር በተያያዙ ትምህርት ቤቶች ልምምድ እያደረገ ነው የሚወጣው። ጎበዝ ተማሪ አስገብቶ ሥልጠናውን እንደነበረ መተው ጎበዙን ማባከን ነው።

ተረት 3፦ «ዕውቅና ያለው ተቋም ጥራት አለው»

እውነታው፦ ዕውቅና የሚያረጋግጠው አነስተኛውን መስፈርት ነው፤ ክፍል አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ይህን ያህል ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ያላቸው መምህራን አሉ የሚለውን። ተመራቂው ክፍል ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አይነግረንም።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ከዚህም የባሰ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ለረጅም ዘመን የዕውቅና ፈቃድ ይጠይቅ የነበረው የግል ተቋማትን ነው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የጥራት ኦዲት ይደረግባቸው እንጂ ያለ ፈቃድ ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ የመምህራን ሥልጠና ከግል ተቋማት ተነጥቆ ለመንግሥት ብቻ ተተወ። ስለዚህ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚገደደው ወገን መምህር እንዳያሠለጥን ተከለከለ፤ መምህር የሚያሠለጥነው ወገን ፈቃድ አይጠየቅም ነበር።

ተረት 4፦ «ልምምድ ወጥቷል፣ ስለዚህ ማስተማር ችሏል»

እውነታው፦ ትምህርት ቤት መክረም ብቻውን ልምምድ አይደለም። አዘውትሮ የሚታየውን እናስብ፦ ከዩኒቨርሲቲው የመጣው ተቆጣጣሪ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቅጹ ላይ «ዓላማውን ጽፏል፣ ሰሌዳ ተጠቅሟል፣ ተማሪ አሳትፏል» በሚሉት ትይዩ ራይት ያደርጋል። ደወል ሳይደወል ይወጣል፤ ለብዙ ተለማማጅ አንድ ተቆጣጣሪ ነውና ሌላ ትምህርት ቤት ይጠብቀዋል። የትምህርት ቤቱ ነባር መምህር በበኩሉ ተለማማጅ ሲመጣለት ክፍለ ጊዜውን አስረክቦ እፎይ ይላል፤ እንዲያማክር የተሰጠው ሥልጠናም፣ የተቀነሰለት ክፍለ ጊዜም የለም። በመጨረሻ የሚመዘነው ፖርትፎሊዮው ነው፤ እሱ ደግሞ ካምናው ተመራቂ ተገልብጦ ሊመጣ ይችላል።

ልምምድን ልምምድ የሚያደርገው ተደጋግሞ መታየት፣ በታየው ላይ ወዲያው መነጋገርና ያልቻለውን በጊዜ «ገና ነህ» ማለት ነው። አንድ ፕሮግራም በልምምድ ምክንያት ማንንም ጥሎ ወይም አስደግሞ የማያውቅ ከሆነ፣ ምዘናው ለይስሙላ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። የመውጫ ፈተናም ይህንን አይተካም፤ ምርጫ በመክበብ የሚታወቀው ዕውቀት እንጂ 60 ልጅ ይዞ ማስተማር አይደለም።

ተረት 5፦ «ተጠያቂነት ቀላል ነው፤ በተማሪ ውጤት ዩኒቨርሲቲዎቹን ደረጃ ስጧቸው»

እውነታው፦ አሜሪካኖች ሞክረውታል። ሉዊዚያናን የመሳሰሉ ግዛቶች የተማሪዎችን የፈተና ውጤት መምህራኑን ካሠለጠኑት ፕሮግራሞች ጋር አያይዘው ማነጻጸር ጀመሩ። የፌዴራሉ መንግሥትም በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ግዛቶች የተማሪ ውጤትን ጨምረው ፕሮግራሞችን እንዲመዝኑ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ፤ ኮንግረስ ሻረውና በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. ቀረ። የስድስት ግዛቶችን መረጃ እንደገና የመረመሩ አጥኚዎች ደግሞ በአብዛኞቹ ፕሮግራሞች መካከል ያለው ልዩነት ከአጋጣሚ ለመለየት የሚያስቸግር ትንሽ መሆኑን አገኙ።

የእኛው 3.3 በመቶም በዚህ ዓይን ቢታይ ይበጃል። ፈተናው ኩረጃን ለመግታት በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ የተሰጠው ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ በአንድ ዓመት የወረደ ትምህርትን ሳይሆን ተሸፍኖ የኖረን ጉድለት ነው ያሳየው። በዚያ ላይ የ12 ዓመት ትምህርት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የተጨናነቀ ክፍል፣ በጦርነት የተዘጋ ትምህርት ቤት አብረው ይገኙበታል። ይህንን ሁሉ በአንድ ፋኩልቲ ላይ መጫን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው።

ይህ ማለት ግን ዩኒቨርሲቲው አይጠየቅ ማለት አይደለም። በእጁ ባለው ነገር ይጠየቅ፦ ማንን እንዴት ተቀበለ? ተለማማጁን ስንት ጊዜ በክፍል አየው? ስንቱን አስደገመ? ተመራቂው ሥራ ከጀመረ ከዓመት በኋላ ርዕሰ መምህሩን ምን ጎደለው ብሎ ጠየቀ? የተነገረውንስ ተቀብሎ በኮርሱ ላይ ምን ቀየረ? ትምህርት ቢሮም ጀማሪውን መምህር ማን እንዲያማክረው እንደመደበ፣ ሚኒስቴሩም የልምምዱን ወጪ መሸፈኑን ይጠየቅ። እነዚህ ጥያቄዎች እንደ 3.3 በመቶ የዜና ርዕስ አይሆኑም፤ ነገር ግን ተጠያቂው ባለቤት በስም የሚታወቅባቸውና መልሳቸው ተፈልጎ የሚገኝ እነዚህ ናቸው።