ቤት ስንሠራ አፈራችን ወዴት ይሄዳል?

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

የዛሬው ዝግጅታችን በሐዋሳ ከተማ ቤት ለሚሠሩ፣ ለመሥራት ላሰቡና ከሚሠራ ቤት አጠገብ ለሚኖሩ ሁሉ ነው። የምንነጋገረውም ከግንባታ ቦታ በዝናብ ታጥቦ ስለሚወጣው አፈርና ስለሚያስከትለው ጎርፍ ይሆናል።

«ከተማችን ሜዳ ናት፤ የአፈር መታጠብ የዳገት አገር ችግር ነው» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እርግጥ ነው፣ ከታቦርና ከአላሙራ ተራሮች አካባቢ በስተቀር አብዛኛው ሐዋሳ ሜዳ ነው። ነገር ግን ነገሩ የሚብሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ውሃ አፈርን ተሸክሞ የሚጓዘው እስከፈጠነ ድረስ ብቻ ሲሆን፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሸክሙን ያራግፋል። ተዳፋት ላይ ያለ ቦይ በጎርፉ ጉልበት ራሱን ሊጠርግ ይችላል፤ ሜዳ ላይ ያለ ቦይ ግን የመጣለትን አፈር እዚያው ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ ቦዩን ተደፍኖ ሲያገኘው መንገዱን ይዞ ወደየግቢው ይገባል። «ቦዩ ጠባብ ነው» ብለን ከማማረራችን በፊት ክዳኑን ከፍተን ውስጡን ብናይ መልካም ነው።

የአካባቢው አፈርም ለዚህ የተመቸ ነው። ሐዋሳ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ አፈሯ በብዛት ከጥንት እሳተ ገሞራ አመድና ውሃ ላይ ከሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ የመጣ ነው። ብሎኬት የሚሠራበትን ያንን ድንጋይ በእጁ የያዘ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል። ሣሩ ከላዩ ሲገፈፍ የዝናቡ ጠብታ በቀጥታ መሬቱን ይመታል፤ አፈሩ ይፈታል፣ ደቃቁ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ውሃው መስረጉን ትቶ መፍሰስ ይጀምራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚገምተው ከግንባታ ቦታ ታጥቦ የሚወጣው አፈር ከእርሻ መሬት ከሚወጣው ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ከደን ከሚወጣው ደግሞ ከ1,000 እስከ 2,000 እጥፍ ይደርሳል።

እስቲ በራሳችን ቦታ እናስላው። 200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 6,000 ሊትር ውሃ ነው፤ ይኸውም 30 በርሜል። ይህ ውሃ በክረምቱ ውስጥ እየተመላለሰ ከቦታችን 1 ሳንቲ ሜትር አፈር ቢገፍ 2 ሜትር ኩብ ይሆናል። በዓይናችን እንኳ ላናስተውለው እንችላለን፤ የሰፈሩ ቦይ ግን ያስተውለዋል።

ቦዩን አልፎ የሄደውስ? መጨረሻው ሐይቁ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ደለል ወደ ውሃ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ጨለለቃ ቀድሞ ሐይቅ ነበር። ከምሥራቅ ደጋ የሚወርደው ደለል ባመጣው መሙላት ዛሬ በአብዛኛው ረግረግና የከብት ግጦሽ ሆኗል። ጥቁር ውሃ ወንዝ ከዚያ ተነሥቶ ነው ወደ ሐይቃችን የሚገባው። አፈር ብቻውን አይሄድም፤ ማዳበሪያነት ያለውን ንጥረ ነገር ተሸክሞ አልጌ ያበዛል። የሲሚንቶ መቀላቀያ እጣቢ ደግሞ ለዓሣ ጎጂ ነው። በሐምሌ 2008 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ የፋብሪካ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ መሠራቱ ብዙ ተወርቶለታል። ከየግቢያችን የሚወጣውን አፈር ግን የሚያወራለት የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሁሉ በፊት ጊዜውን መምረጥ ነው። የመሠረት ቁፋሮውን ከበልግና ከክረምት ዝናብ በፊት ለመጨረስ ማቀድ፣ ቦታውንም ዛሬ ለሚሠራበት ያህል ብቻ መመንጠር ያስፈልጋል። አጥር ሥር ያለውን ሣር ፎርማኑ «ለሥራ ይመቸናል» ብሎ ሊያስገፍፈው ሲል እንከልክለው። ያ ሣር በነፃ የተገኘ ማጣሪያ ነው። የተቆፈረውን አፈርና አሸዋውን ቦይ አፍ ላይ ከመከመር ይልቅ ግቢ ውስጥ ማድረግና ማታ ማታ በሸራ መሸፈን ይገባል።

በዝቅተኛው የቦታው ጫፍ ላይ አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎችን መደርደር ውሃውን አዘግይቶ አፈሩን ያስቀራል። ከጨርቅ ወይም ከጆንያ የሚሠራ አጥር ከሆነ እግሩ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል መቀበር አለበት፤ አለዚያ ውሃው ከሥሩ ያልፋል። እንዲህ ያለው አጥር ተዘርግቶ ለሚመጣ ውሃ እንጂ በቦይ ተሰብስቦ ለሚመጣ ጎርፍ አይሆንም፤ ይገነደሳል። ቦታ ካለ ግን ጥግ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጎርፉ መጀመሪያ እዚያ እንዲያርፍ ማድረግ ይመረጣል። መኪና የሚወጣበት በር ላይ ትልልቅ ጠጠር ቢነጠፍ ጎማው ጭቃውን እዚያው ያራግፋል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው አሸንዳ ነው። ቆርቆሮው ይመታል፣ አሸንዳው «ቀለም ሲቀባ» ተብሎ ይቆያል። እስከዚያው ጣሪያው የሰበሰበው ውሃ ሁሉ ገና ባልጠነከረው የመሠረት ሙሌት ላይ ይወርዳል። በዚህ የሚጎዳው የራሳችን ቤት ነው።

ሌላም አለ። ውሃ እንዳይገባብን ብለን ቦታችንን በገረገንቲ ከፍ እናደርጋለን። ውሃው ግን አይጠፋም፤ ቀድሞ በሠራው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ይተኛል። ይህ የጎረቤት ሐቅ ነው፤ ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማንሳት ከኢማን ክፍል መሆኑን የምናምን ሰዎች ጎርፍን ወደ ሰው ግቢ መምራታችንን ቀላል አድርገን ልናየው አይገባም። ሙሌት ከመጀመሩ በፊት ከጎረቤት ጋር ቆሞ ውሃው በየት እንደሚወጣ መስማማት፣ መውጫውንም በራስ ወሰን ውስጥ መሥራት ኋላ በሽማግሌ ከመካሰስ ይቀላል።

በሕዝብ መዋጮ የሚሠሩ መስጂዶችና መድረሳዎችም ልዩ ትኩረት ይሻሉ። መሠረቱ ይቆፈራል፣ ገንዘቡ ያልቃል፣ ቦታው ሁለት ሦስት ክረምት አፉን ከፍቶ ይቆያል። የግንባታ ኮሚቴዎች ሥራው ሲቆም የአፈሩን ክምር ደልድለው ሰርዶ ወይም ደሾ ሣር ቢያስተክሉበት ወጪው ትንሽ ነው። ሣሩ እንዲይዝም ዝናቡ ሲገባ መትከል ነው።

ከኮንትራክተር ጋር ስንዋዋል ደግሞ ቦዩን የሚጠርገው፣ ጆንያውን የሚቀይረው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። የተደረደረው ጆንያ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ መታየት አለበት፤ ከኋላው የተጠራቀመው አፈር ግማሽ ቁመቱ ላይ ሲደርስ ተዝቆ ወደ ግቢው ይመለሳል። ለሙሌት የምንገዛው አፈር እኮ እሱው ነው።