ሽንብራ የሚስማማው መሬትና የአየር ጠባይ



ሽንብራን በቢሮ ለሚውል ሰው የሚያስታውቁት እሸቱ፤ ቆሎውና የጾም ወራት ሽሮው ናቸው። በታኅሣሥ ወር እሸቱ በየመንገዱ ሲሸጥ፤ ዝናብ ካቆመ ብዙ ሳምንት አልፎ ሳለ ይህ ለምለም ነገር ውሃን ከየት አገኘ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ይህንኑ ለማስረዳት የታሰበ ነው።

ምክንያቱ በመሬቱ ውስጥ ይገኛል። በአድአ፤ በምንጃር፤ በበቾ፤ እንዲሁም በደንቢያና በፎገራ ሜዳ ያለው መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭቃው እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ሽንብራ ዝናቡ ሊሰናበት ሲል፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይዘራና ሥሩን ወደ ታች አጥልቆ በዚያ በተቀመጠው እርጥበት አራት ወር ያህል ይኖራል።

ይሁን እንጂ ይኸው አፈር ጠላቱም ነው። ሽንብራ ሥሩ ላይ ውሃ ሲተኛበት አይችልም፤ አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉም ይወይባል። እንግዲህ ገበሬው በየዓመቱ በሁለት አደጋ መካከል ይቆማል። ቀድሞ ቢዘራ ዘሩ በጭቃ ውስጥ ይቀርበታል፤ ውሃው እስኪጠፋ ቢጠብቅ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ እርጥበቱ ያልቅበታል። ይህ ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ብዙ ጊዜ በሰማይ ይመካኛል፤ ነገሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመዝሪያው ቀን መዘግየት ነው። መድኃኒቱ ውሃውን ማጠንፈፍ ነው። ሰፋ ያለ መደብ ተበጅቶ በመካከሉ ቦይ ሲቀደድ ትርፉ ውሃ ይወርዳል፤ ዘሩም ሳይዘገይ ይገባል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ቤተ ሰቡ ወጥቶ ይህን መደብ በእጁ የሚሠራበት ልማድ የቆየ ስለ ሆነ፤ ትምህርቱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልግም። አገር ቤት የሚያርስ ዘመድ ያለው አድማጭም በነሐሴ ሲደውል ስለ ቦዩ ቢጠይቅ መልካም ነው።

የአየር ጠባዩን በተመለከተ፤ ሽንብራ ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 እስከ 2300 ሜትር ከፍታ ያለው አገር እጅግ ይስማማዋል። በአበባው ወራት የቀንና የሌሊቱ አማካይ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፤ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍም ይጎዳል። ደመናና ካፊያ የበዛበት በጋ ደግሞ የቅጠል በሽታ ያመጣበታል።

በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው ስለሚመግቡት፤ ሽንብራ እንደ ስንዴ ብዙ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ በማግሥቱ ዓመት ለሚዘራው ጤፍም መሬቱን አሻሽሎ ይተውለታል። ጨው ያለበትን ወይም አሲድ የበዛበትን መሬት ግን አይወድም፤ እባጮቹም በዚያ አይበረክቱም።