ሁሉም ከተስማማ ውሳኔው ጥሩ ነው፦ እውነት ወይስ ተረት?

«በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» የሚል ቃለ ጉባኤ ሲያነቡት ደስ ይላል። ጭቅጭቅ የለ፣ ያኮረፈ የለ። ገና ዳዴ በሚል ስታርትአፕ ውስጥማ «እኛ ቤተሰብ ነን፤ ሁላችንም ሳንስማማ አንወስንም» ማለት ኩራት ነው። እርስዎም ሰምተውታል፤ ምናልባት ብለውትም ያውቃሉ። በሙሉ ድምፅ መወሰኑ ግን ስለ ውሳኔው ጥራት የሚነግረን ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚነግረን ማን ቀድሞ እንደተናገረ ነው።

አንድ የዴሊቨሪ አፕ የሚሠራ የስድስት ሰው ቡድን እናስብ። መሥራቹ «አዲሱን አፕ ለገና እናድርስ፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ይላል። ጸጥታ። የማርኬቲንጓ ልጅ «አሪፍ ሐሳብ ነው» ትላለች። ቀጣዩ «እኔም የእሷን ሐሳብ እጋራለሁ»። ኮዱን የሚጽፈው ልጅ ራሱን ይነቀንቃል፤ ተወሰነ። ደረጃውን ሲወርዱ ያው ልጅ ለጓደኛው «ለገና ቀርቶ ለፋሲካም አይደርስ፤ ክፍያው እንኳ አልተፈተነም» ይለዋል። መሥራቹ ከሁሉ በላይ ሊሰማው የሚገባው ነገር ደረጃው ላይ ቀረ።

«ዝም ካለ ተስማምቷል» ይባላል። አልተስማማም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሰለሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ ሰዎችን ሰብስቦ የመስመሮችን ርዝመት አስለየ። ከአንዱ በቀር ሌሎቹ ሆን ብለው እንዲሳሳቱ የተነገራቸው ነበሩ። መልሱ በዓይን እየታየ፣ ከተፈተኑት ሦስት አራተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከተሳሳቱት ጋር አብረዋል። አንድ ሌላ ሰው ትክክለኛውን ሲናገር ግን አብሮ መሳሳቱ በእጅጉ ቀነሰ። ይህ እንግዲህ ለመስመር ነው። ደመወዝ ከፋይዎ ፊት ሲሆን ያስቡት።

ታዲያ ተረቱ ለምን አይሞትም? ያደግንበት ነዋ! ዕድር ላይ ሁሉም እስኪስማማ መነጋገር ሞኝነት አይደለም፤ ዕድሜ ልክ አብሮን የሚኖረውን፣ ነገ የሚቀብረንን ጎረቤት አስቀይመን የምናተርፈው የለም። ስታርትአፕ ግን ባንክ ያለው ብር የሚያልቅበት ወር አለው። ትልቅ ሰው በተናገረበት አፍ መክፈትም ነውር ነው ተብለን አድገናል። ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ምክንያት ደግሞ አለ፦ ሁሉም የወሰነው ነገር ሲበላሽ ተጠያቂ የለም። ይኼ ለሁላችንም ይመቸናል።

«ያልተስማማ ሰው ከልቡ አይሠራም» የሚሉም አሉ። የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለባለአክሲዮኖች በጻፈው ደብዳቤ፣ የኩባንያው ስቱዲዮ ሊሠራው ባሰበው አንድ ሥራ ላይ ተቃውሞውን ለቡድኑ ከነገረ በኋላ ውሳኔያቸውን ተቀብሎ እንደደገፋቸው አውስቷል። ልብ ይበሉ፣ እዚህ የተሸነፈው አለቃው ነው። ብዙ ሰው ሐሳቡ ውድቅ ቢደረግ ይችለዋል፤ የሚያቃጥለው ሳይሰሙት ሲቀሩ ነው።

«እና አንዱ ብቻውን ይወስን?» አዎ፣ ግን ሰምቶ። ስብሰባው ሳይጀመር ወሳኙ ማን እንደሆነ ይታወቅ። ሁሉም ሐሳቡን አስቀድሞ ይጻፍ፤ አዲስ የተቀጠረው ቀድሞ፣ መሥራቹ መጨረሻ ላይ ይናገር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1962ቱ (እ.ኤ.አ.) የኩባ ሚሳይል ቀውስ ጊዜ አማካሪዎቻቸው እንደ ልባቸው እንዲከራከሩ ከአንዳንድ ስብሰባዎች ራሳቸው ይቀሩ ነበር። ሁሉም ውሳኔ ግን ይህን ያህል አይፈልግም፦ የአንድ ሳምንት ቅናሽን የመሰለ ነገር ነገ መመለስ ስለሚቻል ስብሰባም አያሻውም። አክሲዮን ማካፈል ወይም ሰው ማሰናበት ግን ይደርበት።

ቃለ ጉባኤው ላይም በ«ሙሉ ድምፅ» ፈንታ የወሳኙ ስም፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀንና የተቃወመው ሰው ምክንያት ይግባ። «ልዩ ልዩ» የሚለውን የመጨረሻ አጀንዳ ደግሞ ቢሰርዙት ይሻላል፤ ማንም ያላሰበበት ነገር፣ ሁሉም ቦርሳውን እያነሳ፣ በሙሉ ድምፅ የሚያልፈው እዚያ ነው።